መኪናዬ ከአሰላ ስመለስ ይሸታል፤ «ፍሪሲዮን ነው» ተባልኩ

ጥያቄ፦

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከአዳማ፣ ከፍራንኮ አካባቢ ነው። ማንዋል ቪትዝ አለችኝ። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ እናቴን ልጠይቅ አሰላ ደርሼ እመለሳለሁ። ከተማ ውስጥ ስነዳት ምንም የለባትም። ስወጣም አሰላ እስክደርስ አይሸትም። ተመልሼ ግቢ ሳቆማት ግን የሆነ የተቃጠለ ነገር ይሸታል። ልጆቼ አፍንጫቸውን ይዘው ነው የሚወርዱት። ኮፈኑን ከፍቼ ባይ ጭስ የለም።

አንድ ጋራዥ ወሰድኳትና «ፍሪሲዮኑ ተቃጥሏል፣ ካምቢዮው ወርዶ ሙሉውን መቀየር አለበት» አሉኝ። የጠሩት ዋጋ የሚቀመስ አይደለም። ሌላው ደግሞ «ዘይት ነው፣ ዝም ብለሽ ንጂያት፣ ምንም አትሆንም» አለኝ። ማንን ልመን? ቁልቁለቱን ስወርድ ማርሹን አውጥቼ ፎሌ ነው የማደርጋት፤ አባቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ነዳጅ ይቆጥባል ብሎ ያስተማረኝ እንደዚያ ነው። ሌላ ደግሞ፣ ይገናኝ እንደሆን አላውቅም እንጂ፣ ላቫጆ የሚያጥቡልኝ ልጆች «የፊት የቀኙ ቸርኬ ሁሌ ጥቁር ነው» ይሉኛል። መሪውን ላላ ሳደርግም ትንሽ ወደ ቀኝ ትሄዳለች።

መልስ፦

እህቴ፣ ጤና ይስጥልኝ። ዋናውን አስቀድሜ ልንገርሽ። ለፍሪሲዮን አሁን አንድም ብር አታውጪ። «ዝም ብለሽ ንጂያት» ያለሽንም አትስሚው። ከጻፍሽልኝ ሁሉ እኔን የሚታየኝ የፍሬን ችግር ነው፤ ለዚያውም የፊት የቀኙ። ጎማው ተነስቶ እስኪታይ ድረስ ማንም መቶ በመቶ ሊምልልሽ አይችልም፣ እኔም አልምልም። ግን እዚህ እንዴት እንደደረስኩ ላስረዳሽ፤ ጋራዥ ስትሄጂ የምትጠይቂውን ታውቂያለሽ።

መኪና ሲሸት እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው መቼ እንደሚሸት ነው። ሞተሩን ከካምቢዮው፣ ማለትም ከማርሽ ሳጥኑ፣ ጋር የሚያገናኘው ፍሪሲዮን የሚቃጠለው ሲንሸራተት ነው። ዳገት ላይ ሲነሳ፣ ፔዳሉ ግማሽ ተረግጦ በትራፊክ መጨናነቅ ውስጥ ሲኬድ፣ ወይም ሸራው፣ የሚታከከው ክፍሉ፣ አልቆ የሞተሩን ጉልበት መያዝ ሲያቅተው። አንቺ ወደ አሰላ ስትወጪ ከ1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነስተሽ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው የምትደርሽው። ፍሪሲዮንሽ የደከመ ቢሆን ኖሮ ጉዱ የሚወጣው እዚያ ዳገት ላይ ነበር። እናትሽ ደጅ ስታቆሚያት ነበር የሚሸተው። እዚያ ግን አይሸትም ብለሽኛል። ስትመለሺ ደግሞ በኢተያና በዴራ በኩል ያለው መንገድ አብዛኛው ቁልቁለት ነው፤ አንቺም ፎሌ ላይ ነሽ። ፎሌ ላይ ያለች መኪና ፍሪሲዮኗ ጭነት የለበትም። ጭነት የሌለበት ሸራ በምን ይቃጠላል?

ያ መካኒክ ገንዘብሽን ሊበላ ፈልጎ ነው አልልም። የፍሪሲዮንና የፍሬን ሸራ ሲቃጠሉ ሽታቸው በጣም ይቀራረባል፤ ሁለቱም ሙጫ እየተጨመረበት የተጨመቀ ተመሳሳይ ቁስ ናቸው። «ስነዳት ቆይቼ ሳቆማት ይሸታል» ብቻ ከተባለ ደግሞ ብዙ መካኒክ አእምሮው ቶሎ የሚሄደው ወደ ፍሪሲዮን ነው። የጎደለው ጥያቄ «ስትወጪ ነው ስትወርጂ?» የሚለው ነበር። ካምቢዮ ማስወረድ ቀላል ወጪ አይደለም። ያን ከመሰለ ሥራ በፊት ይህን አንድ ጥያቄ አለመጠየቅ ግን ያናድደኛል።

አሁን ወደ ቁልቁለቱ ልመልስሽ። ከአሰላ አዳማ 800 ሜትር ያህል ትወርጃለሽ። መኪናዋ ከነተሳፋሪዎቿ አንድ ቶን ትመዝናለች እንበል። ያን ያህል ክብደት ያን ያህል ከፍታ ሲወርድ የሚወጣው ኃይል በሙሉ ወደ ሙቀት ቢቀየር፣ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሙሉ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ከዚህ ውስጥ የተወሰነውን ነፋሱና ጎማዎቹ ይወስዱልሻል። ማርሽ ውስጥ ብትሆኚ ሞተሩም ጥሩ ድርሻ ይይዝልሽ ነበር። ፎሌ ላይ ስለሆንሽ ግን የቀረው ሁሉ የሚያርፈው ፍሬኑ ላይ ነው።

ታዲያ ፎሌው ብቻ ቢሆን ችግሩ፣ ሁለቱም የፊት ጎማዎች እኩል በጋሉና እኩል በሸተቱ። አንቺ ግን ደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ እንደዋዛ የጣልሻቸው ሁለት ነገሮች አሉ፤ የቀኙ ቸርኬ ጥቁር መሆኑና መኪናዋ ወደ ቀኝ መሄዷ። እነዚያን የላቫጆ ልጆች አመስግኚልኝ። መኪናሽን ከሁለቱ መካኒኮች ይልቅ በደንብ ያዩዋት እነሱ ናቸው። ቸርኬው ላይ የሚቀመጠው ጥቁር ዱቄት የፍሬን ሸራ ብናኝ ነው። ከግራው ይልቅ ቀኙ ላይ ሁልጊዜ የሚበዛ ከሆነ፣ የቀኙ ሸራ እግርሽን ካነሳሽ በኋላም ከጎማው ጋር የሚዞረውን ዲስክ አልለቀቀም ማለት ነው። መኪናዋን ወደ ቀኝ የሚጎትታትም ይኸው ነው።

ከተማ ውስጥ ለምን አይሸትም ትይኝ ይሆናል። አዳማ ሜዳ ናት፣ ጉዞሽም አጭር ነው። ሸራው ትንሽ እየታከከም ቢሆን ለመሽተት የሚበቃ ሙቀት ሳይጠራቀም ቤትሽ ትደርሻለሽ። ቁልቁለት ሲመጣ ግን የራሱ የፍሬኑ ሙቀት ይጨመርበታል። ሙቀቱ ሲጨምር ደግሞ የያዘው ነገር ይበልጥ ይይዛል። ያኔ ነው ሸራው የሚነደው።

ይህን ቤትሽ ሆነሽ ማየት ትችያለሽ። በሰፈር መንገድ አሥር ደቂቃ ያህል በዝግታ ነድተሽ፣ ፍሬን ሳታበዢ፣ ሜዳ ላይ አቁሚያት። ከዚያ የእጅሽን ጀርባ ወደ ቀኙ ቸርኬ አስጠጊ። እንዳትነኪው፣ በደንብ የጋለ ቸርኬ ቆዳ ያነሳል። ቀጥሎ ወደ ግራው። የቀኙ ሙቀት ከሩቅ የሚታወቅሽ፣ ግራው ግን ለብ ያለ ብቻ ከሆነ ነገሩ አለቀ። አፍንጫሽንም ዝቅ አድርጊና ከየት እንደሚመጣ አሽትቺ። አንቺ ኮፈኑን ነው የከፈትሽው፤ ጎማው ጋ ጎንበስ ብለሽ አላየሽም።

ጋራዥ ስትሄጂ «ይሸታል» አትበያቸው። «የፊት የቀኙ ፍሬን የሚይዝ ይመስለኛል፣ በክሪክ አንሱና አብረን እንየው» በያቸው። አጠገባቸው ቁሚ። ጎማው ከመሬት ሲነሳ ፍሬን ይረገጥና ይለቀቃል፤ ከዚያ ጎማው በእጅ ይዞራል። ደህና ፍሬን ትንሽ ቢያፏጭም በቀላሉ ያዞራል። የያዘ ከሆነ ግን በጉልበት ነው የሚዞረው። እዚህ ላይ ጎበዝ መካኒክ አንድ ነገር ይጨምራል። ሸራዎቹን ዲስኩ ላይ የሚጨምቀው ካሊፐር ላይ ያለችውን አየር ማስወጫ ቡሎን በትንሹ ይፈታታል። የፍሬን ዘይቱ ፊጭ ብሎ ወጥቶ ጎማው ወዲያው ከተለቀቀ፣ ግፊቱ ወደ ኋላ መመለስ አቅቶት ነበር ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜም ጥፋቱ የፍሬን ጎማ ቱቦው ነው። ቱቦው ከውጭ ደህና መስሎ ከውስጥ ያብጣል። ስትረግጪ ዘይቱን ያሳልፋል፣ ስትለቂ ቶሎ አይመልስም። ቡሎኑ ተፈትቶም ጎማው ካልተለቀቀ ግን ችግሩ ራሱ ካሊፐሩ ነው፤ ወይ ሸራውን የሚገፋው ፒስተን ዝጓል፣ ወይ ፒኖቹ ደርቀዋል።

እኔ በአንቺ መኪና ላይ አስቀድሜ የምጠረጥረው ፒኖቹን ነው። ካሊፐሩ ወዲያ ወዲህ የሚንሸራተትባቸው ሁለት ፒኖች አሉ፤ በግሪስ ተቀብተው በትንንሽ የጎማ ካፖርት የተሸፈኑ ናቸው። ያቺ ካፖርት ከተቀደደች የአዳማ አቧራ ውስጡ ይገባል። ፒኑ ሲወጣ ማብረቅና በግሪስ መርጠብ ሲገባው ቡናማ ሆኖ፣ ዙሪያው ላይ አቧራና አሮጌ ግሪስ እንደ ጭቃ ደርቆበት ታገኚዋለሽ። ሸራዎቹንም ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ እዩ። የውስጠኛው አልቆ የውጭኛው ገና ወፍራም ከሆነ ፒኖቹ እንደያዙ ጥሩ ምስክር ነው።

ጥገናው ከፍሪሲዮን ጋር የሚወዳደር አይደለም። ፒኖቹ ተጠርገው ሙቀት በሚችል የፍሬን ግሪስ ይቀባሉ። ተራው ግሪስ አይሆንም፤ ሲግል ይቀልጣል፣ የካፖርቷን ጎማም ያሳብጣል። የተቀደደው ካፖርት ይቀየራል። ፒስተኑ ከሆነ የያዘው የፒስተኑ የጎማ ማሸጊያዎች ይቀየራሉ፤ ፒስተኑ ራሱ ዝጎ ከተቦረቦረ ካሊፐሩ መቀየር አለበት። ሸራ ስትቀይሪ የቀኙን ብቻ እንዳትቀይሪ። የግራውም አብሮ ይቀየር፣ አለበለዚያ ፍሬን ስትይዢ መኪናዋ ወደ አንድ ወገን ትጎትትሻለች። ዲስኩንም አሳዪ፤ ሰማያዊ መልክ ካወጣ ወይም ከተሰነጠቀ አልፎበታል። አዲስ ሸራ መጀመሪያ ላይ ትንሽ እንደሚሸት እወቂ፤ ያ ከሁለቱም ጎማ እኩል የሚመጣና ቶሎ የሚጠፋ ሽታ ነው።

የፍሬን ዘይቱን በዚያው አስቀይሪ። ይህን የምለምንሽ ከምር ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ 205 ዲግሪ ካልደረሰ አይፈላም። ውሃ ሲጠጣ ግን እስከ 140 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ፍሬን የሚያቃጥል ቁልቁለት ላይ ይህ ሙቀት ሩቅ አይደለም። ዘይቱ ከፈላ ቱቦው ውስጥ የእንፋሎት አረፋ ይፈጠራል፤ አረፋ ደግሞ ይጨመቃል። ፔዳሉን ትረግጪዋለሽ፣ ወለል ይነካል፣ መኪናዋ ግን አትቆምም። ልጆችሽ ከኋላ ተቀምጠው ማለት ነው። «ምንም አትሆንም» ባዩን አትስሚው ያልኩሽ ለዚህ ነው። በየሁለት ዓመቱ ማስቀየር ደንብ ነው። ጎደለ ተብሎም የሞተር ዘይት ወይም ሌላ ዘይት እንዳይጨመርበት፤ የፍሬኑን የጎማ ማሸጊያዎች በሙሉ አሳብጦ ያበላሻቸዋል።

አባትሽ ስላስተማሩሽ ነገር በአክብሮት ልናገር። ፎሌ ነዳጅ ይቆጥባል የሚለው ከካርቡሬተር ዘመን የመጣ ልማድ ነው፤ ብዙ ጎበዝ ሾፌሮች ያምኑበታል። ቪትዝ ግን ኢንጀክሽን ናት። ቁልቁለት ላይ ማርሽ ውስጥ ሆነሽ እግርሽን ከነዳጅ መስጫው ስታነሺ፣ ኮምፒውተሩ ነዳጁን ይዘጋዋል። ሞተሩን የሚያዞሩት ጎማዎቹ ይሆናሉ። ፎሌ ስታደርጊ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ መጠጣት አለበት። ስለዚህ አንቺ እየቆጠብሽ ሳይሆን እያወጣሽ ነበር፤ በዚያ ላይ ፍሬንሽን እየጨረስሽ። ከእንግዲህ ስትወርጂ ያንን ዳገት በምትወጪበት ማርሽ ውረጂ። በ3ኛ፣ ቁልቁለቱ በሚበረታበት ቦታ ላይ በ2ኛ። ፍጥነቱ ሲጨምርብሽ ፍሬኑን ጠንከር አድርገሽ ያዢና ፍጥነቱን ቀንሰሽ ልቀቂው። እግርሽን ፍሬኑ ላይ አሳርፈሽ ረጅም መንገድ መውረድ ነው ሸራውን የሚያነደው።

ሁለተኛው መካኒክ ያለው ዘይትስ? ከሞተር የሚፈስ ዘይት የጋለው የጭስ ማውጫ ማኒፎልድ ላይ ሲንጠባጠብ በእርግጥ ይሸታል። ከቴስታታው፣ ከሞተሩ ራስ፣ ክዳን ስር ያለው ጓርኒሲዮን፣ ማለትም ማሸጊያው፣ ሲደርቅ የተለመደ ነው። ግን ያ ሽታ መውጣትና መውረድ አይመርጥም። አሰላም ስትደርሺ ይሸትሽ ነበር፤ ኮፈኑን ስትከፍቺም ፊትሽ ላይ ነበር የሚመጣው። ለማንኛውም የዘይት መለኪያውን አውጥተሽ እዪ፣ ሞተሩ ሲበርድ ሜዳ ላይ። ፍሬኑ ከተሠራ በኋላም ፍሪሲዮኑ ካሳሰበሽ፣ ጭር ባለ ሜዳ መንገድ በ4ኛ ማርሽ 40 ላይ እየሄድሽ ነዳጅ መስጫውን ጠበቅ አድርጊ። ሞተሩ ጮሆ ፍጥነቱ ካልተከተለው ይንሸራተታል። አብረው ከጨመሩ ደህና ነው፣ አትንኪው።

ይህን ዓምድ ለሚያነቡ ሌሎች ደግሞ ጥቂት ልጨምር፤ የእያንዳንዱ መኪና ሽታ የፍሬን አይደለምና። አዳማ ላይ በጣም የማየው ፌስታል ነው። የንፋስ ተርባይኖቹ ያለ ምክንያት አይደለም እዚህ የተተከሉት፤ ነፋሱ ፌስታሉን አስፋልት ላይ ያንከባልለዋል፣ ከመኪና ስር ገብቶ የጋለ ማርሚታ፣ የጭስ ማውጫው፣ ላይ ይለጠፋል። እየቀለጠ ለቀናት ሊሸት ይችላል። ሲበርድ በእንጨት መፋቅ ነው፣ ሌላ ወጪ የለውም። ወደ አርሲ የሚመላለስ ሰው በመኸር ጊዜ ከመኪናው ስር የተሰካ ገለባ እንደሌለ ይመልከት፤ የጋለ መኪናም ደረቅ ሣር ላይ አይቆምም፣ እሳት ያስነሳል። ሰርቪስ ተደርጎ ወዲያው የሸተተ ከሆነ ደግሞ የፈሰሰ ዘይት ወይም ኮፈን ስር የተረሳ ጨርቅ ሊሆን ይችላል።

ጣፋጭ የሚመስል ሽታና እንፋሎት ከራዲያተሩ ነው። ክዳኑን በጋለበት እንዳትከፍቱ።

አንዱን ግን ለነገ የማይባል ነው የምለው፤ የተቃጠለ ሽቦ ሽታ። የሚቀልጥ ላስቲክ የሚመስል፣ ዓይን የሚቆጠቁጥ፣ ብዙ ጊዜ ከዳሽቦርዱ በኩል የሚመጣ ነው። ይህ ሲሸት ዳር ይዞ መቆም፣ ሞተሩን ማጥፋት፣ ሰዉን ሁሉ ማስወረድ ነው። ጭስ ከሌለ የባትሪውን ኔጋቲቭ መንቀል። ጭስ ካለ መራቅ። ቴፕና መብራት ያስገጠመ ሰው ፊውዙን ያስፈትሽ። 10 አምፔር በነበረበት ቦታ 30 የተሰካበት፣ ሲብስም በሽቦ ቁራጭ የታሰረበት መኪና እየተነዳ ነው። ፊውዝ የሚቃጠለው ሽቦው እንዳይቃጠል ነው። እሱን በሽቦ ያሰረ ሰው እሳቱን ወደ ቤቱ አስገብቷል። የቤንዚን ሽታም እንደዚሁ ነው፤ ሞተር አይነሳም፣ ስልክ ተደውሎ መካኒክ ወደ መኪናው ይመጣል።

ወደ አንቺ ልመለስና፣ መንገድ ላይ ሳለሽ ዳግም ከሸተተሽ እንዲህ አድርጊ። ሰፋ ያለ ሜዳ ቦታ ፈልገሽ አቁሚ፤ ማርሽ አስገቢ፣ ጎማው ስር ድንጋይ አድርጊ። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይቀዝቅዝ። የጋለ ዲስክ ላይ ውሃ እንዳትደፊበት፤ ይጣመማል፣ ሊሰነጠቅም ይችላል። ልጆቹን ከጎማው አርቂ። ከቀዘቀዘ በኋላ ሞተሩን አስነሺና ሳትንቀሳቀሺ ፔዳሉን ርገጪ። እንደ ስፖንጅ ከሰመጠ ወይም ወለል ከነካ አትንጂያት።

አሁን ያለው ቅደም ተከተል ግልጽ ይመስለኛል። ሰኞ ወይም ማክሰኞ በዝግታ ወደ ጋራዥ ውሰጂያት፤ በተለይ ፍሬን ላይ የሚሠራ ካወቅሽ ወደ እሱ። የወጣውን አሮጌ ዕቃ በእጅሽ ተቀበይ፣ ፎቶ አንሺና ላኪልኝ፤ ፒኑ ወይስ ቱቦው እንደነበር ማወቅ እፈልጋለሁ። የነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ እንዲህ ያለችውን ቪትዝ የሚተካ ማግኘት ቀላል አይደለም፤ ጠብቂያት። ሥራው እስኪያልቅ ግን አሰላ በእሷ አትሂጂ። የዚህን ቅዳሜ ከመናኸሪያ በሚኒባስ ሂጂ። እናትሽን ሰላም በይልኝ።